ሠርቶ ያልበቃው ባክቴሪያ፦ የሲንሎጂክና የፒኬዩ ጉዳይ

በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2024 ሲንሎጂክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ፒኬዩ ለሚባል በዘር ለሚወረስ በሽታ ሲያካሂድ የነበረውን፣ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ የደረሰ የመድኃኒት ሙከራውን አቆመ። ከሠራተኞቹም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን አሰናበተ። ሲሞከር የነበረው እንደለመድነው ኪኒን ወይም መርፌ አልነበረም። ዘረመሉ በቤተ ሙከራ የተቀየረ ሕያው ባክቴሪያ ነው። ታማሚው ዱቄቱን በጥብጦ ከምግብ ጋር ይጠጣዋል። ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ገብቶ ታማሚውን የሚጎዳውን ንጥረ ነገር ይበላለታል። ሐሳቡ ይኼ ነበር።

ሙከራው የቆመው ሰው ስለተጎዳ አይደለም። ኩባንያው ውሳኔው ከደኅንነት ጋር እንደማይያያዝ ተናግሯል። ውጤቱ ከታሰበው ቦታ እንደማይደርስ በውስጥ ግምገማ ስለታየ ነው የቆመው። በዘረመል ምህንድስና የተሠራ ፕሮባዮቲክ (ለጤና ተብሎ የሚወሰድ ሕያው ባክቴሪያ) የሰውን በሽታ ያክማል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ጉዳይ ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱም ባክቴሪያው ሥራውን ሠርቷል። ታዲያ ለምን አልበቃም? ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው

ከምንበላው ፕሮቲን ውስጥ ፌኒልአላኒን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ጤነኛ ጉበት ይህን በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ታይሮሲን ይቀይረዋል። ፌኒልኬቶኑሪያ፣ ባጭሩ ፒኬዩ፣ ያለበት ሰው ግን ኢንዛይሙን የሚያሠራውን ጂን ከእናቱም ከአባቱም የወረሰው ተበላሽቶ ነው። ስለዚህ ፌኒልአላኒኑ ደሙ ውስጥ ይከማችና ወደ አንጎል ይዘልቃል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ መጠኑ በሊትር ከ120 ማይክሮሞል በታች ነው። በከባዱ ፒኬዩ፣ ሕክምና ከሌለ፣ ከ1200 ያልፋል።

ሕፃኑ ሲወለድ ምንም አይታይበትም። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። የአእምሮ እድገቱ ይጓተታል፣ የሚጥል በሽታ ሊከተል ይችላል፣ አንዴ የደረሰው ጉዳት ደግሞ አይመለስም። በሽታውን በ1934 የለየው ኖርዌያዊው ሐኪም አስብዮርን ፎሊንግ ነው። የሁለት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች እናት የልጆቿ ሽንት ለምን ለየት ያለ ሽታ እንደሚሸት መልስ ፍለጋ ብዙ ደጅ ጠንታ ነበር። ፎሊንግ ሽንቱ ላይ ፌሪክ ክሎራይድ ሲጨምርበት አረንጓዴ ሆነ። ነገሩ ከዚያ ተጀመረ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሮበርት ጋትሪ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከተወለደ ሕፃን ተረከዝ በተወሰደ ጥቂት ደም በሽታውን መለየት ቻለ። ዘዴው ደስ ይላል። ደሙ ወረቀት ላይ ይደርቃል። ከወረቀቱ ክብ ተቆርጦ፣ ባክቴሪያ የተዘራበትና እድገት የሚያግድ ነገር የተጨመረበት ሳህን ላይ ይቀመጣል። ደሙ ውስጥ ፌኒልአላኒን ከበዛ ባክቴሪያው እገዳውን አልፎ በወረቀቱ ዙሪያ ያድጋል። ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል። ባክቴሪያ ለፒኬዩ ልጆች መሥራት የጀመረው እንግዲህ ያኔ ነው። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ወልዳችሁ ከሆነ የልጃችሁ ተረከዝ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተወግቶ ደሙ ወረቀት ላይ ሲንጠባጠብ አይታችሁ ይሆናል። መነሻው ይህ በሽታ ነው።

በጊዜ የተገኘ ልጅ በአመጋገብ ከጉዳቱ ይድናል። አመጋገቡ ግን ቀልድ አይደለም። 1 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ወደ 50 ሚሊግራም ፌኒልአላኒን አለ። ከባድ ፒኬዩ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ በቀን የሚችለው ከ500 ሚሊግራም በታች ነው። ይህ ማለት ከተፈጥሮ ምግብ የሚያገኘው ፕሮቲን በቀን 10 ግራም አካባቢ ነው ማለት ነው። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ዓሣ የለም፣ አይብ የለም። በእኛ ገበታ ብናየው ሽሮውም ምስሩም ይቀራል፣ እንጀራው ራሱ በሚዛን ነው። አስፓርቴም ያለበት ስኳር አልባ ለስላሳም ክልክል ነው፤ አስፓርቴም ሲፈጭ ፌኒልአላኒን ይወጣዋል። የጎደለውን ፕሮቲን ለመተካት ፌኒልአላኒን የወጣለት የአሚኖ አሲድ ዱቄት ተበጥብጦ በየቀኑ ይጠጣል። ጣዕሙም ሽታውም ይከብዳል። ይህ ሁሉ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው።

ልጅ እያለ እናት ትመዝንለታለች። ሲያድግ፣ ሥራ ሲይዝ፣ ከጓደኛ ጋር ወጣ ብሎ ሲበላ ግን ይላላል። ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ይወጣል። ሐሳብ መሰብሰብ ያቅተዋል፣ ጭንቀትና ድባቴ ይመጣል። ያረገዘች ሴት ላይ ከሆነ ደግሞ ጽንሱን ይጎዳል። ሲንሎጂክ ሊረዳቸው ያሰበው እነዚህን ሰዎች ነው። ስለ ኩባንያው ውድቀት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጡብኝ እነሱ ናቸው።

ባክቴሪያው ከየት መጣ?

ከአንድ ወታደር ሰገራ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ፣ በ1917፣ አልፍሬድ ኒስል የሚባል የፍራይቡርግ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። ጓዶቹ በተቅማጥ ሲወድቁ ይህ ወታደር ደህና ነበር። ኒስል ከሰገራው ላይ ኢ. ኮላይ የሚባለውን የአንጀት ባክቴሪያ አንድ ዝርያ ለይቶ አራባ። ዝርያው እስከዛሬ ኢ. ኮላይ ኒስል 1917 ይባላል። ጀርመን ውስጥ ሙታፍሎር በሚል ስም ለአንጀት ሕመም ይሸጣል። ኢ. ኮላይ ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ይኸኛው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ሲውጠው የኖረ ነው። እርግጥ ፍጹም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ኮሊባክቲን የሚባል ዲኤንኤ የሚጎዳ ንጥረ ነገር የሚሠሩ ጂኖች እንዳሉት ኋላ ላይ ታውቋል። በዚህ ዝርያ መድኃኒት የሚሠራ ሁሉ ይህን ጉዳይ መመለስ አለበት።

ሲንሎጂክ የተቋቋመው በ2014 ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ ነው። መሥራቾቹ ጄምስ ኮሊንስና ቲሞቲ ሉ የተባሉ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው የፒኬዩ ባክቴሪያቸው ሲንቢ1618 ይባላል። አሠራሩ በ2018 ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ውስጡን ጠጋ ብለን እንየው፤ እኔ እዚህ ጋ ስደርስ አሁንም እደነቃለሁ።

በመጀመሪያ ባክቴሪያው ፌኒልአላኒን ከውጭ በብዛት እንዲስብ የሚያደርግ አስገቢ ፕሮቲን ተጨመረለት። ቀጥሎ ፎቶራብደስ ሉሚነሰንስ ከሚባል ባክቴሪያ ጂን ተወሰደ። ይህ ባክቴሪያ በጨለማ የሚያበራና ትላትልን ተጠግቶ ነፍሳትን የሚገድል ነው። ጂኑ የሚሠራው ኢንዛይም ፓል ይባላል። ፌኒልአላኒኑን ሰንጥቆ ወደ ትራንስ ሲናሚክ አሲድ ይቀይረዋል። ሲናሚክ አሲድ ቀረፋ ውስጥም የሚገኝ፣ ለሰው የማያስቸግር ነገር ነው። ጉበት ይቀበለውና ሂፑሪክ አሲድ አድርጎ በሽንት ያስወጣዋል። በሦስተኛ ደረጃ ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ የመጣ ኢንዛይም ፌኒልአላኒኑን በሁለተኛ መንገድ ያጠቃዋል።

ጂኖቹ ሁልጊዜ አይሠሩም። ፓልን የሚቆጣጠረው ማብሪያ ኦክስጅን ሲያንስ የሚበራ ነው፤ አንጀት ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ያንሳል።

የደኅንነቱ ዘዴም ብልህ ነው። ባክቴሪያው የሕዋስ ግድግዳውን ለመሥራት ዳይአሚኖፒሜሊክ አሲድ የሚባል ነገር ይፈልጋል። መሐንዲሶቹ ይህን የሚሠራለትን ጂን ቆርጠው አወጡት። ፋብሪካ ውስጥ ይቀርብለታል፤ የሰው አንጀት ውስጥ ግን በቂውን አያገኝም። ስለዚህ የያዘውን ኢንዛይም ይጠቀማል እንጂ አይራባም። ሠርቶ ይወጣል።

ማስረጃው እንዴት ተሰበሰበ?

መጀመሪያ አይጦች ላይ ሞከሩት። እዚህ ላይ አንድ ቁልፍ ነገር አለ። ፌኒልአላኒኑን ለአይጦቹ የሰጡት ከቆዳቸው ሥር በመርፌ ነው። ባክቴሪያው ግን በአፍ። ያም ሆኖ የደማቸው ፌኒልአላኒን ካልታከሙት ጋር ሲወዳደር በ38 በመቶ ቀነሰ። ደም ውስጥ ያለው ፌኒልአላኒን ተመልሶ ወደ አንጀት እየገባ ባክቴሪያው ጋር ይደርሳል ማለት ነው። ይህ እውነት ከሆነ ባክቴሪያው የምግቡን ብቻ ሳይሆን የተጠራቀመውንም ሊያወርድ ነው። የኩባንያው ትልቅ ተስፋ እዚህ ላይ ነበር። ጦጣዎች ላይም ከፌኒልአላኒን መጠጥ በኋላ የሚመጣውን ጭማሪ ገታ።

ቀጥሎ ጤነኛ ፈቃደኞችና 14 የፒኬዩ ታማሚዎች ወሰዱት። ውጤቱ በ2021 ኔቸር ሜታቦሊዝም ላይ ታተመ። ከሕክምናው የተነሳ ከባድ ጉዳት አልደረሰም። ባክቴሪያውም ከመጨረሻው መጠን በኋላ በ4 ቀን ውስጥ ከሁሉም ሰው ወጥቷል። መጠኑ ሲጨምር ደም ውስጥ ሲናሚክ አሲድ፣ ሽንት ውስጥ ሂፑሪክ አሲድ ጨመረ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ፓል የሰው ልጅ ውስጥ የሌለ ኢንዛይም ነው። ለታማሚዎቹ ደግሞ በከባድ ሃይድሮጂን ምልክት የተደረገበት ፌኒልአላኒን ተሰጣቸው። ያ ምልክት ደም ውስጥ በሲናሚክ አሲድ መልክ ከተገኘ ከባክቴሪያው ሥራ ውጭ የሚመጣበት መንገድ የለም። ምልክቱ ተገኘ። ባክቴሪያው የሰው አንጀት ውስጥ ሠርቷል። ለዚህ ሥራ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ኩባንያው በዚህ አልቆመም። ፓልን የሚያሻሽል ዙር ጀመረ። ብዙ የኢንዛይም ዓይነቶችን ሠርተው፣ ሲናሚክ አሲድ ሲያገኝ ምልክት በሚሰጥ ባዮሴንሰር እየለዩ ጎበዙን መረጡ። ሲንቢ1934 የተባለው በዚህ መንገድ ተወለደ። የፓል ጉልበቱ ከቀድሞው ወደ እጥፍ ተጠጋ።

ሁለተኛው ምዕራፍ ሁለቱንም ባክቴሪያዎች በ20 አዋቂ ታማሚዎች ላይ ሞከረ። 11ዱ የቀድሞውን፣ 9ኙ አዲሱን ወሰዱ። ዋናው ተመራማሪ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው ጄሪ ቮክሊ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጾም ደማቸው ፌኒልአላኒን በአማካይ በመጀመሪያው 20 በመቶ፣ በአዲሱ 34 በመቶ ወረደ። ወጣ ገባው ግን ብዙ ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ በደንብ ሠራ፣ አንዳንዱ ላይ እምብዛም። ሆዳቸው አልቀበል ብሎ ያቋረጡም ነበሩ።

በ2023 አዲሱ ባክቴሪያ ሲንፌኒ 3 ወደተባለው ሦስተኛ ምዕራፍ ገባ። ታማሚዎች በቀን ሦስቴ ከምግብ ጋር ይወስዱታል። መጠኑ ደረጃ በደረጃ እስከ 1 ትሪሊዮን ሕያው ሕዋስ ይወጣል። ከዚያ ለውጥ ያሳዩት በዕጣ ተከፍለው ግማሹ መድኃኒቱን ይቀጥላል፣ ግማሹ ወደ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት ወደሌለበት አምሳያ፣ ይዞራል። ዓመት ሳይሞላው ሙከራው ቆመ።

ታዲያ የት ጎደለ?

ለዚህ መልስ ለመስጠት ሌላ መድኃኒት ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ፔግቫሊያዝ ይባላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለአዋቂዎች የፈቀደው በ2018 ነው። ውስጡ ያለው ምን መሰላችሁ? ፓል ነው። ከሌላ ባክቴሪያ የተወሰደ፣ ግን ያው ሥራ የሚሠራ ኢንዛይም፣ ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣል። የብዙ ታማሚዎችን ፌኒልአላኒን በእጅጉ ያወርዳል። አንዳንዶቹ ፕሮቲን እንደልባቸው እስከመብላት ደርሰዋል። ችግሩ የሰውነት መከላከያ ይነሳበታል። አናፊላክሲስ የሚባለው ድንገተኛና አደገኛ አለርጂ ሊመጣ ስለሚችል ታማሚው የኤፒነፍሪን መርፌ ከእጁ አይለይም።

እንግዲህ ኢንዛይሙ አንድ ዓይነት ነው። ኬሚስትሪውም አንድ ነው። አንደኛው መድኃኒት ሆነ፣ ሌላው አልሆነም። ልዩነቱ ቦታው ነው ባይ ነኝ። በመርፌ የገባው ፓል ግቢ ውስጥ ሌት ተቀን እንደሚዞር ዘበኛ ነው፤ በአፍ የገባው ባክቴሪያ በር ላይ የቆመ ነው፣ በሩ ላይ የሚቆየውም ለአጭር ሰዓት ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። አንድ አዋቂ በቀን 60 ግራም ፕሮቲን ቢበላ 3 ግራም ፌኒልአላኒን ነው። ትንሹ አንጀት አሚኖ አሲድ ለመምጠጥ የተሠራ አካል ነው። በፍጥነት ይመጥጣል። ባክቴሪያው ለመሥራት ከዚህ አካል ጋር መሽቀዳደም አለበት፣ እሱም ምግቡ ትንሹ አንጀትን እስኪያልፍ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ። አይራባም፣ አይሰነብትም። ለደኅንነት ሲባል ጂኑ የተቆረጠበት ያ ብልህ ዘዴ ጉልበቱንም ቆርጦታል። ስለዚህ የቀረው አማራጭ መጠኑን መጨመር ነው። መጠኑ ሲጨምር ደግሞ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይመጣል። ሰው በየምግቡ የሚያቅለሸልሸውን ነገር ዕድሜ ልኩን አይወስድም።

አይጦቹ ላይ የታየው ተስፋ፣ ከደም ወደ አንጀት የሚመለሰው ፌኒልአላኒን፣ ሰው ላይ ያንን ያህል ለውጥ ለማምጣት የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም ብዬ አምናለሁ። ሲናሚክ አሲዱ ደም ውስጥ መታየቱ ባክቴሪያው መሥራቱን ያረጋግጣል። ምን ያህል ፌኒልአላኒን እንዳልተነካ ግን አያሳይም። ታማሚው የሚኖረው ደግሞ ባልተነካው ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይም አንድ ቅሬታ አለኝ። 20 ሰው፣ ሁለት ሳምንት፣ ፕላሴቦ የሚወስድ ማነጻጸሪያ ቡድን የለም። የፒኬዩ ታማሚ ደም በበላው፣ ባልበላው፣ በጉንፋኑ ሁሉ ይወጣል ይወርዳል። ሙከራ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ምግቡን ይጠነቀቃል፤ ማንም ሰው ያደርገዋል። ስለዚህ ከ34 በመቶው ውስጥ ምን ያህሉ የባክቴሪያው፣ ምን ያህሉ የጥንቃቄው እንደሆነ መለየት ይከብዳል። የዚህ መጠን ያለው ኩባንያ ገንዘቡ ሳያልቅ መሮጥ እንዳለበት ይገባኛል። ቢሆንም ለሁለት ሦስት ወር የቆየ፣ ማነጻጸሪያ ያለው መካከለኛ ሙከራ ቢኖር ኖሮ ታማሚዎቹ ለወራት በቀን ሦስቴ ከመጠጣት፣ ኩባንያውም ከመፍረስ ይድኑ ነበር ብዬ እቆጫለሁ።

ምልክቱ ከዚህ በፊትም ታይቶ ነበር። ይኸው ኩባንያ አሞኒያን የሚበላ ሌላ የኒስል ባክቴሪያ ሠርቶ ነበር፣ ሲንቢ1020። እሱም ጤነኛ ሰዎች ላይ መሥራቱን አሳየ። የጉበት መጠንከር ያለባቸው ታማሚዎች ላይ ሲሞከር ግን የደም አሞኒያቸውን ማውረድ አልቻለም፤ በ2019 ተቋረጠ። ከዚያም ወደኋላ ብንሄድ ቤልጂየም ውስጥ የሎታር ስታይድለር ቡድን በ2000 ኢንተርሉኪን 10 የሚባል ብግነት የሚያበርድ ፕሮቲን የሚያመነጭ ላክቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሠርቶ የአይጦችን የአንጀት ቁስለት አከመ። በ2006 አምስተርዳም ውስጥ ክሮንስ የሚባል የአንጀት ሕመም ያለባቸው 10 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ደኅንነቱ ጥሩ ሆነ። ቀጣዩ ትልቅ ሙከራ ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም። አይጥ ላይ ይሠራል፣ ሰው ላይ አይጎዳም፣ ግን አይበቃም። ያው ታሪክ ነው።

ስለዚህ የዚህን ዘርፍ ዜና ሳነብ ከእንግዲህ የምጠይቀው ባክቴሪያው ምን ጂን እንደተሰጠው አይደለም። ጠላቱ የሚገኘው የት ነው? ባክቴሪያው ከእሱ ጋር ስንት ሰዓት ይቆያል? ለምሳሌ ከምግብ የሚመጣ ኦክሳሌት፣ ሲበዛ የኩላሊት ጠጠር የሚያመጣ ንጥረ ነገር፣ ትልቁ አንጀት ውስጥም ስለሚመጠጥ ባክቴሪያው ረዘም ያለ ጊዜ ያገኛል። ሲንሎጂክም ኦክሳሌት የሚበላ ባክቴሪያ ጀምሮ ነበር፤ ኦክሳሌት የበዛበት ምግብ በበሉ ጤነኛ ፈቃደኞች ሽንት ውስጥ ቅናሽ አሳይቷል። አንጀቱ ራሱ የታመመባቸው በሽታዎችም እንዲሁ፤ እዚያ ባክቴሪያው ከቦታው ላይ ነው። ከደም ውስጥ አንድን ነገር ጠርጎ ማውጣት ሲሆን ግን ማስረጃው ጠንከር ማለት አለበት።

ለፒኬዩ ታማሚዎች ሌላ መንገድም ተከፍቷል። ሳፕሮፕተሪን የሚባል መድኃኒት ከ2007 ጀምሮ አለ። በ2025 ደግሞ ሴፒያፕተሪን በአውሮፓም በአሜሪካም ተፈቀደ። በአፍ የሚወሰድ ዱቄት ነው፣ ለሕፃናትም ይሆናል። ሁለቱም የሚረዱት ግን የታማሚውን የራሱን ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ደክሞም ቢሆን ካለ ያበረታሉ። ጨርሶ ለሌለው ሰው ብዙም አይፈይዱም። ለዚያ ሰው የቀረው ጥብቁ አመጋገብ ነው፣ ዕድሜው ከፈቀደ ደግሞ የፔግቫሊያዝ መርፌው።